የጀርባሽ ልክ

መስከረም 18

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወገብዎ ቀና፣ ዓይንዎ የጠራ፣ ቤትዎ የሞቀ ሆኖ ያግኝዎት። እኔና ባለቤቴ በጤና አለን። እንደ ድሮው በሰው አስነብበው ሳይሆን በራስዎ ዓይን እንደሚያነቡኝ ሳስብ እጄ ይጠነቀቃል። ፊደሎቹን ሰፋ ሰፋ አድርጌያለሁ።

ሥራዬ እንደነበረው ነው። ጠዋት ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የሠራሁትን እሞርዳለሁ። አዲስ ነገር ቢኖር ቀያሹ ባለቤቴና እኔ አንድ የእግር ተጓዦች ማኅበር መግባታችን ነው። መንገድ በሌለበት ጫካና ተራራ ሦስት አራት ቀን እንጓዛለን፤ ድንኳኑን፣ ምግቡንና መኝታውን በጀርባ ይዘን። ደስ ይላል። ከተራራው አናት ሲያዩት ከተማው የተደፋ ክብሪት ይመስላል።

ግን የጀርባ ቦርሳዬ አልተስማማኝም። ማንገቻው ትከሻዬን ይቆርጠኛል፤ ቀበቶው ወደ ታች ወርዶ መቀመጫዬን ይልጠኛል። ባለፈው ጉዞ በሦስተኛው ቀን የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ደነዘዙ። ሰኞ ሥራ ስገባም አልተመለሱም ነበር፤ አንድ የፊት ጥርስ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። አለቃዬ ጣቶቼን አያቸው። ባለቤቴ «ትለምጂዋለሽ» ይለኛል። በጥር መጨረሻ የአሥራ ሁለት ቀን ጉዞ አለ። እርስዎ ዕድሜዎን ሸራና ማንገቻ ሲሰፉ ኖረዋልና፣ ከማንገቻው ሥር ምን ዓይነት ስፖንጅ ባስገባ ይሻለኛል?

እጅዎን የምትስም፣
ጭራሮ


ጥቅምት 6

ለወንድሜ ልጅ ለጭራሮ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤና ከሰዎች በቀር ምንም አላመመኝም።

ፊደሉን ስላሰፋሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን አላስፈለገም። ሦስት ዓመት ተምሬ ደቃቁንም አነባለሁ። በስድሳ ዓመቴ እርሳስ የጨበጥኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ ከንፈሩን ይልስ ነበር፤ የሰው ቤት ምስጢር እንደ ማር እየጣመው። ያንን ምላስ ዳግመኛ ላለማየት ብዬ ተማርኩ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነብበው የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ማንም ሳያስገድዳት፣ የዕረፍት ቀኗን ሠውታ፣ ያሳደግኳት ልጅ በፈቃዷ ትሸከማለች! ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይሄን ነው።

ሟቹ ባሌ ጨርቅ እያዞረ ሲሸጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጣቃውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሱ ዱላውን እያወዛወዘ ከፊት፣ እኔ ተረከዙን እያየሁ ከኋላ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ፊቱ አይመጣልኝም፤ የሚመጣው የተሰነጠቀ ተረከዙ ነው። ትከሻዬ ላይ ያሉትን ሁለት ቦዮች አይተሻል። ትንሽ ሳለሽ ውሃ ይይዙ እንደሆነ በጣሳ ልትሞክሪ መጥተሽ ነበር። ስቀሽ ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም።

ይሁን። ስፖንጁን ግን እርሺው። ልኩ ያልሆነ ቦርሳ ላይ ስፖንጅ መጨመር ያልታጠበ ገላ ላይ ሽቶ መርጨት ነው፤ ይባስ ብሎ ይከረፋል።

ቦርሳ የሚለካው በቁመት አይደለም፣ በጀርባ ነው። ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ሞልቷል። አንድ ክር ያዢና አንገትሽን ወደ ደረትሽ ድፊ። ከማጅራትሽ ግርጌ አንድ አጥንት ጎላ ይላል፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ እዚያ ነው። ከዚያ እጆችሽን የዳሌሽ አጥንት አናት ላይ አሳርፊ፣ አውራ ጣቶችሽን ወደ ኋላ አድርገሽ። ከአንዱ አውራ ጣት ወደ ሌላው መስመር ቢሰመር አከርካሪሽን የሚያቋርጥበት ቦታ ሁለተኛው ቋጠሮ ነው። ክሩ የጀርባሽን ጎድጓዳ ተከትሎ ይውረድ፤ እንዳይወጠር። ወፍራም ልብስ ለብሰሽ እንዳትለኪ፤ ብቻሽንም እንዳትለኪ። ባልሽ ቀያሽ አይደል? አገር ለክቶ የሚያድር ሰው ይህቺ ጀርባ አታቅተውም።

ክሩን ላኪልኝ። ቦርሳው ውስጥ ምን ምን እንደምትከቺም ጻፊልኝ። ሸክም የሚያርፈው ዳሌ ላይ ነው፤ ትከሻ ሚዛን መጠበቂያ ብቻ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ሳይኖር ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ጣትሽ መተዳደሪያሽ ነው። «ትለምጂዋለሽ» ያለሽን ሰው ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ እሱ የለመደው መቼ ነው?

ከሞኝነት ይሰውርሽ።
አክስትሽ፣ በራሷ እጅ


ኅዳር 21

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ወገብዎ እንዴት ነው? ክሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

የዘገየሁት ባለቤቴ እስኪለካኝ ስጠብቅ ነው። «ቅዳሜ» አለኝ፤ ቅዳሜ መጥቶ ሄደ። «ለሚቀጥለው» አለኝ፤ እሱም ሄደ። በኋላ «ቦርሳው ምንም አልሆነ፤ ችግሩ አረማመድሽ ነው» አለኝ። በመጨረሻ የለካችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ በምሳ ሰዓት፣ በር ዘግተን። የመንጋጋ ቅርጽ ስትለካ እንደምታደርገው ትንፋሿን ይዛ ነው የለካችኝ።

ቦርሳው ውስጥ የምንከተው ዕቃችንን ነው፤ እንደ ማንኛውም ተጓዥ።

ጣቶቼ አሁን የሚደነዝዙት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። አለቃዬ የፊት ጥርስ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እኔ መንጋጋ ብቻ እሠራለሁ፤ መንጋጋ ስህተት ይሸፍናል። ለጊዜው ነው ብሎኛል።

ጤና ይስጥልኝ።
ጭራሮ


ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ክሩም ደህና ደርሷል። ባልደረባሽ እጇ ይባረክ። ሁለት ስንዝር አይሞላም። በአባትሽ ወጥተሻል፤ እሱም ሲቀመጥ ያጥር ነበር።

ምን እንደምትከቺ ጠየቅኩሽ፤ አንቺ የነገርሽኝ የማን እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ «ዕቃችን» የሚባል ቃል ያረጀብኝ ሴት ነኝ። ጣቃውም «ጨርቃችን» ነበር።

ቦርሳውን ራሱን ላኪልኝ። እንዳታጥቢው። እንዳታራግፊው። ኪሱንም እንዳትፈትሺ። የታጠበ ቦርሳ ይዋሻል።

ቶሎ አድርጊው፤ ጥር ቅርብ ነው።
አክስትሽ፣ በራሷ እጅ


ታኅሣሥ 19

አክስቴ፣

ባለቤቴ ለሥራ ወደ ገጠር ስለወጣ ቦርሳውን ዛሬ ፖስታ ቤት ሰጠሁ። አልታጠበም። ካለፈው ጉዞ እንደተመለሰ ጓዳ ተጥሎ ነበር። ለእሱ አልነገርኩትም፤ «የት ገባ?» ካለኝ ማንገቻው ሊጠገን ሄደ እለዋለሁ። ይሄ ውሸት አይደለም።

ስለ ሽታው ይቅርታ ያድርጉልኝ።
ጭራሮ


ጥር 2

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታውን በኋላ እሰጥሻለሁ። አሁን አፌ መራራ ነው።

ቦርሳው ማክሰኞ ደረሰ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እናቴ፣ ውስጡ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። «ገና አልሞተችም» አልኩት።

ሥራ ቦታ ወስጄ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሸራ ቆራጩ ባልደረባዬ «እባክሽ ከምሳ በፊት አትክፈቺው» አለኝ። ከፈትኩት። ከታችኛው ኪስ ሦስት ጥንድ የወንድ ካልሲ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳቆማቸው ቆሙ። ከጎኑ ኪስ የጺም መላጫ፤ ጺሙ እንደ ጉንዳን እግር ምላጩ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። የዘይት ጠርሙሱ ፈስሶ ሸሚዝሽን ከአንድ ግማሽ ዓሣ ጋር አጋግሮታል። ዓሣው የቆርቆሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ክፍት ነው። በልቶ የጠገበ ሰው ነው እንዲህ ክፍት አድርጎ የሚከተው። ሸራ ቆራጩ ወጥቶ ሄደ። እኔ የት እሄዳለሁ?

ከዚያ ወንበሩ። ተጣጣፊ ወንበር! ከጀርባሽ እጅግ በራቀው በውጭው ጎን ነው የታሰረው። ከባድ ነገር ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ትከሻም ያን ጊዜ ነው የሚቆረጠው። አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? አትመልሺልኝ።

የቦርሳው ጀርባ ላይ ያለው ብረት አምስት ቀዳዳ አለው፤ እንደ ሰዉ ጀርባ ከፍ ዝቅ ይላል። የላይኛው ቀዳዳ ብቻ ጠቁሮ ሰፍቷል። ሌሎቹ አራቱ እንደተገዙ ያብረቀርቃሉ። ጀርባው ካንቺ በአምስት ጣት ለሚበልጥ ሰው ነው የተስተካከለው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም። የላቡ ጨው ግን ዝቅ ብሎ ነው የተሳለው፤ አጭር ጀርባ፣ ቀጭን ትከሻ። ልኩ የእሱ፣ ላቡ ያንቺ።

ከክዳኑ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ እሳት አቀጣጥልበት ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ሁለት ዓምድ። በግራ «የእኔ» ይላል፤ ካርታ፣ አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፣ ባርኔጣ፣ አንድ የውሃ ጠርሙስ። በቀኝ «የእሷ» ይላል፤ ድንኳን፣ ሁለት የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ፣ ድስት፣ የአራት ቀን ምግብ፣ የሁለት ሰው ልብስ፣ ወንበር። ከእያንዳንዱ ፊት ክብደቱ አለ፣ እስከ ግራሙ። ድምር ሃያ ስድስት ኪሎ። ካልሲውን ሳይቀር መዝኖታል። ጭራሮ፣ ይህ ሰው ጀርባሽን ብቻ ነው ያልለካው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስጨርስ ደጅ ወጥቼ ተፋሁ። የኔ ባል እንኳ አልጻፈውም ነበር። አፍሮ ነው ወይስ ፊደል አጥቶ፣ እሱን አላውቅም።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ። ቦርሳውን ቆረጥኩት። ብረቱን በክርሽ ልክ አሳጠርኩት። ከታች የተንዘረጠጠውን ሆድ አወጣሁ። ቀበቶውን ፈትቼ የዳሌሽ አጥንት አናት ላይ እንዲያርፍ አድርጌ በሰም ክር መልሼ ሰፋሁት። ያንቺን መኝታ፣ ያንቺን ልብስ፣ ያንቺን ምግብ፣ ውሃና ግማሽ ድንኳን ይይዛል። ከዚያ በላይ ብትከቺ አይዘጋም። ተሳስቼ አይደለም።

በተረፈው ሸራ ሁለተኛ ቦርሳ ሰፋሁ። ለእሱ። ልኩን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከላይኛው ቀዳዳ አንብቤዋለሁ። ስፌቱን እንደማንኛውም ደንበኛ አጥብቄለታለሁ፤ መጸየፌ እጄ ላይ አይወርድም። ለወንበሩ ለብቻው ሁለት ጠፍር ከነዘለበታቸው አድርጌለታለሁ። ካልሲዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ውስጡ ከትቻለሁ። አላጠብኳቸውም።

ቦርሳሽን ስታነግቢ ሁሉን ማሰሪያ አላልተሽ ጀምሪ። በመጀመሪያ ቀበቶውን የዳሌሽ አጥንት ላይ አድርገሽ አጥብቂ። ቀጥሎ ማንገቻውን ሳቢ፤ ትከሻሽን ይንካው እንጂ አይንከሰው። ቀጥሎ ከትከሻ በላይ ያሉትን ትንንሾቹን ጠፍሮች፤ እነሱ ቦርሳውን ወደ ጀርባሽ ያቀርቡልሻል። የደረቱን መጨረሻ፤ ትንፋሽ እንዳይከለክልሽ አላልተሽ። ከባዱ ዕቃ መሃል ላይ፣ ጀርባሽን ተጠግቶ ይሁን።

ሰላምታው ይኸውና፦ በእግርሽ ሂጂ፣ በእግርሽ ተመለሺ።
አክስትሽ፣ በራሷ እጅ


መጋቢት 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዕድሜ ከጤና፣ ዓይን ከብርሃን አይለይዎ። ዘግይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፍሬ ተውኩት፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ቦርሳዎቹ የደረሱት ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ነው። ባለቤቴ የእሱን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያንተ ነው። አክስቴ ሰፍተውልህ ነው።»

«እኔ መቼ ቦርሳ ቸገረኝ አልኩ?»

«አንተንማ መች ቸገረህ» አልኩት።

የወንበሩን ጠፍሮች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «አክስትሽ ሸራ ሰፊ ናት ወይስ ዳኛ?» አለ። ክዳኑ ኪስ ውስጥ መልሰው የከተቱትን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «የእሷ» ከሚለው ዓምድ ግርጌ በእርሳስ ድምሩን ማረምዎን ያኔ ነው ያየሁት። አራት መቶ ግራም አጉድሎ ኖሯል። አክስቴ፣ ከሁሉ ያንገበገበው እሱ ነው! ወረቀቱን ይዞ እስኪመሽ ሲደምር ዋለ።

የጉዞው ዕለት የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ነርስ ናት፣ አውቶቡሱ አጠገብ ዕቃ ስትቆጥር «ይህ ወንበር የማነው?» ብላ ጮኸች። ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። ባለቤቴ ወንበሩን አነሣና «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ቦርሳውን እዚያው መሬት ላይ ጥሎት ሄደ። ነርሷ አውቶቡሱ ውስጥ አስቀመጠችው፤ የድንኳኑን ሌላ ግማሽ ደግሞ እሷ ያዘችልኝ።

አሥራ ሁለቱንም ቀን ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ቀበቶው ዳሌዬ ላይ ሲያርፍ፣ አንድ ሰው ከኋላ ደግፎ ያነሣኝ መስሎኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆነጠጥኳቸው፤ አሥሩም አመሙኝ። ደስታዬን ማን ይረዳዋል? አለቃዬ ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርስ መልሶ ሰጥቶኛል።

ስመለስ ባለቤቴን ሳሎን መሃል አገኘሁት፣ ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ። «ስትሄጂ የሚበላ እንኳ ሠርተሽ አትሄጂም?» አለኝ። አሥራ ሁለት ቀን! የሳህኑ ክምር ላይ ሻጋታው እንደ ጥጥ ተነፍቷል። ድስቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር። ድስቱን አየሁ፣ ሳህኑን አየሁ፣ እሱን አየሁ። መጸየፍ በዘር ይወረሳል መሰለኝ፤ አፌ የእርስዎን አፍ ሆኖ መረረኝ። ዞሬ ወጣሁ።

አሁን የምኖረው ከለካችኝ ባልደረባዬ ጋር ነው። ስወጣ ዕቃ ልሰብስብ አላልኩም። ቦርሳዬን ገና አላወረድኩትም ነበር።

የእሱን ቦርሳ መልሼ ልኬልዎታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልተነገተም።

እጅዎን፣ ሁለቱንም፣ የምትስም፣
ጭራሮ


መጋቢት 30

ለጭራሮዬ፣

የወጣሽበት ደጅ አይናፍቅሽ፤ የገባሽበት ይስፋሽ። ባልደረባሽን ሳሚልኝ። አንቺ ግን እዚያ ቤት ሳህን የምታጥቢው የበላሽበትን ብቻ ይሁን።

ቦርሳው ደረሰ። የታች ኪሱን ሳትከፍቺ ነው የላክሽው፤ ካልሲዎቹ ከነጋዜጣቸው አሉ። አገር አቋርጠው ሄደው፣ አገር አቋርጠው ተመለሱ! በጉጠት አውጥቼ ከሸራ ቁራጭ ጋር ጓሮ አቃጠልኳቸው። ፋርማሲስቱ መስኮቱን ዘጋ። እግረ መንገዴን ከእሱም ተገላገልኩ።

ሸራውን ሦስት ጊዜ በትኩስ ውሃ አጠብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአመድ ማፍሰሻ ላደርገው ነበር። ግን የራሴ ስፌት ነውና እጄ እምቢ አለ። ክርሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አብራኝ የምትማረው ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ እንድትለካኝ ጠየቅኳት። «አንገትሽን ድፊ» አለችኝ። «ደፍቼው ነው የኖርኩ፤ ዝም ብለሽ ለኪ» አልኳት።

ሁለተኛው ቋጠሮሽ ከዳሌዬ አጥንት በሁለት ጣት ወርዶ ተገኘ። ወጣት ሳለን ተቀምጠን እንኳ ከአባትሽ እኔ እረዝም ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ «ዕድሜ ነው» አለችኝ። ዕድሜ አይደለም። ሁለቱን ጣት የት እንደጣልኩት አውቃለሁ፤ ያንን ተረከዝ እየተከተልኩ መንገድ ለመንገድ አንጠባጥቤዋለሁ። የሚለካኝ ሳላገኝ ስድሳ ሦስት ዓመት!

ቦርሳውን ቆርጬ በልኬ ሰፋሁት። የወንበሩን ጠፍሮች ፈትቼ ለሥራ ቦታ ወሰድኳቸው፤ ዘለበታቸው ደህና ነው። ውስጡ የከተትኩት ደብተር፣ እርሳስ፣ መነጽርና የውሃ ጠርሙስ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ስሄድ አነገትኩት። በመጀመሪያ ቀበቶውን፣ እንደ ጻፍኩልሽ። ከፊቴ ማንም አልነበረም፤ ዳገቱን ብቻ እያየሁ ወጣሁ። እኩሌታው ላይ ስደርስ ክው አልኩ። ትከሻዬ ላይ ምንም የለም። ቦርሳው የወደቀብኝ መሰለኝ። መንገድ መሃል ቆሜ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳበስኩ።

አለ።

አክስትሽ፣ በራሷ እጅ